የፔጆ 404 ወለል በዝገት ተበልቷል፤ በቤት ውስጥ እስከ ምን ድረስ መሥራት ይቻላል?

ጥያቄ፦ የሸዋ በር ልጅ፣ ሐረር

ጤና ይስጥልኝ። አጎቴ በሐረር ከተማ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ሲሠራበት የቆየውን ፔጆ 404 ለእኔ ሰጥቶኛል። መኪናው ባጃጅ የታክሲውን ሥራ ከተሻማው ወዲህ በግቢያችን ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የቆመ ሲሆን፣ በቅርቡ ካርበራተሩ ተጠርጎ፣ ካንዴላዎቹ ተቀይረውና አዲስ ባትሪ ታስሮለት ሞተሩ ያለ ብዙ ችግር ተነሥቷል። ስለዚህ ጥያቄዬ ስለ ሞተሩ ሳይሆን ስለ አካሉ ነው።

በሾፌሩ እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ሲገለጥ መሬቱን የሚያሳዩ ቀዳዳዎች አሉ። ከበሮቹ ሥር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄደው የብረት ሳጥን በቀኝ በኩል በአውራ ጣት ሲጫኑት እየተንኮሻኮሸ ወደ ውስጥ ይገባል። የፊት ፓራፋንጎዎቹ የታችኛው ጫፍ አብጦ ቀለሙ ተላልጧል፤ ከነዳጅ ሰልባትዮው የሚመጣው ቤንዚንም ቀይ ዱቄት እየያዘ ማጣሪያውን ይደፍነዋል።

አንድ ጋራዥ «ላሜራ ደርበንበት፣ በስቱኮ ሞልተን፣ ቀለም ቀብተን በሳምንት ውስጥ እናስረክባለን» ብሎኛል። ዋጋው የሚያጓጓ ቢሆንም ሥራው እንዲህ መቅለሉ አላሳመነኝም። ጎረቤቶቼ ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መድኃኒት ያዝዙልኛል፤ አንዱ ኮካ ኮላና ሎሚ፣ ሌላው የባትሪ አሲድ፣ ሦስተኛው የተቃጠለ ዘይት ይላል። በእጄ ግራይንደር፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ሁለት ክሪክና ከዘመድ የተዋስኩት የኤሌክትሮድ መበየጃ አለኝ። ከዚህ ሥራ የትኛውን በቤቴ ልሥራ፣ የትኛውንስ ለባለሙያ ልተው? ደግሞስ ባሕር በሌለበት፣ ከዓመቱ ብዙው ወር ደረቅ በሆነበት አገር መኪና እንዲህ የሚዝገው በምን ምክንያት ነው?


መልስ፦ ባቲላሜራው፣ ድሬዳዋ

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር፤ እሱ ሳይመለስ የሚሠራው ሥራ ሁሉ ድካም ብቻ ነውና። ብረት እንዲዝግ ውሃና ኦክስጅን በአንድነት ሊያገኙት ይገባል። ጨው ነገሩን ያፋጥነዋል እንጂ፣ ጨው ስለሌለ ዝገት ይቀራል ማለት አይደለም። በእኛ አገር ትልቁ ጠላት አቧራው ነው። በደረቁ ወራት ከጎማ እየተፈናጠረ በፓራፋንጎው ውስጥ፣ በወለሉ መጋጠሚያና በበር ሥር ባለው ሳጥን የሚጠራቀመው አቧራ፣ የበልግና የክረምት ዝናብ ሲያርሰው ጭቃ ይሆንና ውጭው ከደረቀ በኋላም ለብዙ ቀን እርጥበት ይዞ ይቆያል። የመኪናው አናት በፀሐይ እየነደደ ሆዱ ግን እርጥብ ነው። ከ1998ቱ የድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በኋላ ውጫቸው ታጥቦና ተወልውሎ የተሸጡ መኪኖችን ከዓመታት በኋላ ስከፍት፣ በሳጥኖቻቸው ውስጥ እንደ ጡብ የጠነከረ ደለል አግኝቻለሁ፤ ከደለሉ ሥር የነበረው ላሜራ ግን በጣት የሚፈረፈር ነበር።

ፀሐዩም የራሱ ጣጣ አለው። የመስታወቱንና የበሮቹን ጎማ አድርቆ ይሰነጥቀዋል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃ ደግሞ ምንጣፍ ሥር ይተኛል። የአንተ መኪና ወለል ከታች ወደ ላይ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች እንደተበላ እገምታለሁ። ለማረጋገጥ ምንጣፉን በሙሉ አውጥተህ፣ አንድ ሰው በፊት መስታወቱ ጠርዝ ላይ ከጀሪካን ውሃ ቀስ እያለ እንዲያፈስስ አድርግ፤ አንተ ውስጥ ተቀምጠህ በእጅ ባትሪ የዳሽቦርዱን ሥር ተመልከት። ውሃው የሚገባበትን ሳትዘጋ አዲስ ላሜራ ብታስበይድ፣ አዲሱም ተራውን ይጠብቃል እንጂ አይተርፍም።

ቀጥሎ ልታውቀው የሚገባው ነገር፣ ፔጆ 404 እንደ ጭነት መኪና የተለየ ሻንሲ የሌለው መሆኑን ነው። ወለሉ፣ የበር ሥር ሳጥኖቹ፣ ምሰሶዎቹና ጣሪያው በአንድነት ተበይደው ክብደቱን ሁሉ የሚሸከሙት እነሱው ናቸው። ስለዚህ ዝገትን በስፋቱ ሳይሆን በቦታው ነው የምንመዝነው። የፊት ፓራፋንጎዎቹ በቡሎን የታሰሩ ስለሆኑ ግማሻቸው ቢበላም መኪናው አይወድቅም፤ ተፈትተው ጠረጴዛ ላይ በእርጋታ የሚጠገኑ ናቸው። የበር ሥር ሳጥኑ ሲበላ ግን መኪናው መካከሉ ላይ ይላላል፤ በሮቹ አልገጥም ማለት የሚጀምሩትም በዚህ ጊዜ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው ደግሞ በሞተሩ ክፍል በግራና በቀኝ የፊት ሞላው ከላይ የሚታሰርበት ቦታ ነው። የመሪው ሳጥን የሚታሰርበትንና የኋላው እግር ከወለሉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታም አብረህ እይ። እዚህ ላይ ዝገቱ ዘልቆ ከተገኘ፣ ስለ ቀለም ከማሰብህ በፊት መኪናው መዳን ይገባዋል ወይ ብለህ በሐቅ መጠየቅ አለብህ። የፍሬን ቧንቧዎቹንም በጨርቅ ጠርገህ እይ፤ ገጻቸው ተቦርቡሮ ካገኘሃቸው ሳትከራከር ቀይራቸው።

የምርመራው ዘዴ ውድ አይደለም። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይዘህ ብረቱን በየሁለት ጣት ርቀት በጫፉ እየቆረቆርክ ሂድ። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ድምፁ የታፈነ ነው፤ ጠንከር አድርገህ ብትጫነውም ካቻቢቴው ይገባል። ከተሰበረ ስፒከር የወጣ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ በቀለሙ ላይ ብትጎትተው፣ ስቱኮ የተሞላበት ቦታ ሲደርስ መያዙን ይተዋል። በታክሲነት የኖረ መኪና ስለሆነ ከዚህ በፊት የተሞላ ቦታ ባታገኝ ይገርመኛል።

ጋራዡ ስላቀረበልህ ሐሳብም ልናገር። ስቱኮ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ በጤነኛና ደረቅ ብረት ላይ ከሁለት ከሦስት ሚሊሜትር የማይበልጥ ጎድጓዳን ለማስተካከል የተሠራ ነው። ቀዳዳ እንዲደፍን ግን አልተሠራም፤ እርጥበት ይስባል፣ የሳበውንም ወደ ብረቱ ያደርሰዋል። በዛገ ላሜራ ላይ ሌላ ላሜራ መደረብም የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ውሃ ገብቶ መውጫ ያጣል። ዝገት ከተነሣበት ብረት ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ፣ ውስጥ ለውስጥ እያበጠ አዲሱን ላሜራ ከብየዳው ይገነጥለዋል። በሳምንት የሚያስረክቡህ መኪና አንድ ክረምት ወይም ሁለት ያምርብሃል፤ ከዚያ በኋላ የምትጠግነው የራስህን ዝገት ብቻ ሳይሆን የእነሱንም ሥራ ነው።


መልስ፦ ነምበር ዋን፣ ድሬዳዋ

የተቃጠለ ዘይቱን ነገር ማንም ስላላነሣው እኔ ላንሣው። በደወሌ በኩል ወደ ጅቡቲ ለብዙ ዓመታት ፒክአፕ ነድቻለሁ፤ የባሕሩ ጨው ያለበትን መንገድ ማለቴ ነው። በየዓመቱ ከክረምት በፊት የመኪናዬን ሆድ አሳጥቤ የተቃጠለ ዘይት ከናፍታ ጋር ቀላቅዬ አስረጫለሁ፤ ሻንሲው እስከ ዛሬ አንድ ቀዳዳ የለበትም። ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፤ ዘይት ቀያሪዎቹም በነፃ ይሰጡሃል። ለድሃ መኪና ድሃ መድኃኒት ነው እንጂ የሚናቅ አይደለም።


መልስ፦ የኬሚስትሪ መምህር፣ ሐረር

ስለ አሲዶቹ የቀረበው ጥያቄ ከሙያዬ ጋር የሚገናኝ በመሆኑ በዚያ ላይ ብቻ አተኩራለሁ።

ኮካ ኮላ ፎስፎሪክ አሲድ፣ ሎሚ ሲትሪክ አሲድ፣ አቼቶ ደግሞ አሴቲክ አሲድ አላቸው፤ ሦስቱም ዝገትን የማሟሟት ችሎታ አላቸውና ጎረቤትዎ ፈጽሞ አልተሳሳቱም። ሆኖም በኮካ ኮላ ውስጥ ያለው አሲድ እጅግ ጥቂት ነው፤ ስኳሩም ተጣብቆ ስለሚቀር አንድ የዛገ ቡሎን ለማላቀቅ ካልሆነ በቀር ለመኪና አካል አይሆንም። አቼቶና ሲትሪክ አሲድ ጠቃሚ የሚሆኑት ተፈትተው በባልዲ ሊዘፈዘፉ ለሚችሉ ትንንሽ ዕቃዎች ነው፤ ለማጠፊያዎች፣ ለቡሎኖችና ለዳዶዎች፣ ለመስታወት ማንሻ ክንዶች። አድሮ በማግሥቱ በሽቦ ብሩሽ ሲታሸት ዝገቱ ይለቃል። ከዚያ ወዲያው በውሃ ማጠብ፣ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ አሲዱን ማርከስ፣ በፀሐይ ማድረቅና ዘይት መቀባት ያስፈልጋል፤ ከአሲድ የወጣ እርቃኑን ያለ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ ብርቱካንማ ሆኖ ያዩታልና።

የባትሪ አሲድን ግን ከእነዚህ ጋር አይደባልቁት። ሰልፈሪክ አሲድ ዝገቱን ብቻ ሳይሆን ጤነኛውን ብረት ይበላል፤ ዓይን ያጠፋል፤ በላሜራ መጋጠሚያዎች ውስጥ የገባው ታጥቦ ስለማይወጣም ከቀለሙ ሥር ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል። እንደ ሞላና እንደ ባሌስትራ ባሉ ጠንካራ ብረቶች ላይ ደግሞ የሚፈጠረው ሃይድሮጅን ብረቱ ውስጥ ሰርጎ ተሰባሪ ያደርጋቸዋል፤ በውጭ ንጹሕ መስሎ መንገድ ላይ የሚሰበር ሞላ ከዛገ ሞላ የከፋ ነው። ቆርቆሮ የሚበይዱ ሰዎች የሚጠቀሙበት የጨው አሲድም ክሎራይድ ስለሚተው እንዲሁ ይቅርብዎ።

በመኪናው አካል ላይ እንዳለ የሚቀባ ነገር ከፈለጉ፣ በቀለም መሸጫዎች የሚገኘውን ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት መለወጫ ይጠይቁ። ቀዩን ዝገት ወደ ጥቁር፣ በውሃ ወደማይሟሟ የብረት ፎስፌት ይቀይረዋል። የሚሠራው ግን በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ በብረቱ ቀዳዳዎች ውስጥ በቀረው ስስ ቅሪት ላይ ብቻ ነው። በቅርፊት መልክ በተነባበረ ዝገት ላይ ቢቀቡት የላዩ ይጠቁርና ሥሩ ቀይ ሆኖ ይቀራል፤ በጥፍርዎ ቢጭሩት ያዩታል።

በቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችል ከአሲድ የተሻለ ሌላ ዘዴም አለ። በፕላስቲክ ባልዲ በ10 ሊትር ውሃ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) ይበጥብጡ። የዛገውን ዕቃ ከባለ 12 ቮልት የባትሪ ቻርጀር ነጌቲቭ ጋር፣ ቁርጥራጭ ተራ ብረት ደግሞ ከፖዘቲቩ ጋር ያገናኙና ሁለቱ ሳይነካኩ ውሃው ውስጥ ያስቀምጧቸው። ዝገቱ ከዕቃው እየላላ ይወርዳል፤ ጤነኛው ብረት አይነካም። በፖዘቲቩ በኩል አይዝጌ ብረት ከቶ አያስገቡ፤ በውስጡ ያለው ክሮሚየም መርዘኛ ሆኖ ወደ ውሃው ይወጣል። በሶዳ አሹ ፋንታ የገበታ ጨው አይጨምሩ፤ ክሎሪን ይፈጥራል። ሥራው ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ ከቤት ውጭ ይሁን፤ ገመዶቹን ከመንካትዎ በፊትም ቻርጀሩን ከሶኬት ይንቀሉ። ካርበራተርን የመሰለ የአሉሚኒየም ዕቃ በዚህ ውሃ አይገባም።

ሰልባትዮውን በሚመለከት አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ በምንም ዓይነት ሁኔታ ብየዳ ወይም ግራይንደር እንዳያስነኩት። ባዶ ሰልባትዮ ከሙሉው ይበልጥ አደገኛ ነው፤ የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተቀላቀለው ትነት ነውና። አውርደው፣ ቤንዚኑን አንጠፍጥፈው፣ ሽታው እስኪጠፋ በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ደጋግመው ይጠቡት። ከዚያ ጥቂት የደቀቀ ጠጠር ወይም ቁራጭ ሰንሰለት ከሲትሪክ አሲድ ውሃ ጋር ጨምረው ይናጡት፤ ያሳድሩት፤ በሶዳ ውሃ አለቅልቀው ፀሐይ ላይ ያድርቁት። ሲደርቅ ሳይዘገዩ ነዳጅ ይሙሉበት፣ አለዚያም ውስጡን በትንሽ ዘይት ያርሱት። በብርሃን ሲያዩት የመርፌ ቀዳዳ ከወጣበት ግን እርስዎ አይድከሙበት፤ ሌላ ሰልባትዮ ይፈልጉ።

የድሬዳዋ ነዋሪዎች ለሆናችሁ አንባቢዎች በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጨምር፤ የከተማችሁ ውሃ ካልሲየም የሚበዛበት መሆኑን ማንቆርቆሪያችሁ ይመሰክራል። ለመጨረሻው እጥበት፣ ከዚያም ይበልጥ ለራዲያተር፣ አሲድ የሌለበትን የተጣራ የባትሪ ውሃ መጠቀም ይሻላል።


የጠያቂው ምላሽ፦ የሸዋ በር ልጅ፣ ሐረር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ ባቲላሜራው እንዳሉት በካቻቢቴና በማግኔት መኪናውን ዞሬ አየሁት። የፊት ሞላዎቹ የሚታሰሩባቸው ቦታዎች በሁለቱም በኩል ጤነኞች ናቸው። የግራው የበር ሥር ሳጥንም ከጥቂት የላይ ዝገት በቀር ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። በቀኙ ግን ማግኔቱ ከኋላ በር ሥር መያዙን ተወ፤ ስቱኮውን ስፍቀው በላሜራ ላይ ላሜራ ተደርቦ፣ በመካከሉ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ደረቅ ጭቃ ተገኘ። በውሃው ሙከራም ከፊት መስታወቱ የታችኛው የግራ ማዕዘን ውሃ እየተንጠባጠበ ወደ ሾፌሩ እግር ሥር ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የመስታወቱን ጎማ ለማስቀየር ወስኛለሁ።

የቀሩኝ ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። በያዝኩት የኤሌክትሮድ መበየጃ ወለሉን ራሴ ብበይድስ? ለመተኪያ ምን ዓይነት ላሜራ ልግዛ? የተቃጠለውን ዘይት በተመለከተስ ጋሼ ምን ይላሉ?


መልስ፦ ባቲላሜራው፣ ድሬዳዋ

የሞላዎቹ ቦታ ጤነኛ ከሆነ መኪናህ የሚድን ነው፤ ሥራውን ቀጥል።

በኤሌክትሮድ አትበይደው። የመኪና አካል ላሜራ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ዝገት የነካው ዳርቻው ደግሞ ከዚያም ይሳሳል። የበርና የመስኮት ብረት ለመበየድ የተሠራው ኤሌክትሮድ አንዱን ቀዳዳ ስትደፍን ሌላ ሁለት ይከፍትብሃል። ለዚህ የሚሆነው ባለ 0.8 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ የቀጠነ ሽቦ ያለው የሲኦቱ (CO2 ጋዝ) ብየዳ ነው፤ በጎበዝ እጅ ከሆነ የኦክስጅን ብየዳም ይሠራል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ላሜራውን ያጣምመዋል። ስለዚህ ብየዳውን ለባለሙያ ተወው፤ ብየዳው ግን ከሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ብዙውን ገንዘብ የሚበላው መፈታታቱ፣ መፈግፈጉ፣ መቁረጡና መተኪያውን ማዘጋጀቱ ሲሆን፣ ይህን ሁሉ በግቢህ ልትሠራው ትችላለህ።

ስትቆርጥ ቀዳዳውን ብቻ አትቁረጥ፤ ላሜራው በሙሉ ውፍረቱ እስኪገኝ ድረስ ወደ ጤነኛው ብረት ግባ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳበት እዚህ ነው፤ ለመቁረጥ የሳሳለትን ብረት ይተውና ብየዳው በቀጭኑ ጠርዝ ላይ ይቀራል። ከዚያ የጫማ ካርቶን ቀዳዳው ላይ አስቀምጠህ ልኩን ውሰድ፤ እጥፋቱንና ጎድጓዳውን ካርቶኑ ላይ ሞክረህ ካስማማኸው በኋላ ወደ ላሜራው አስተላልፈው። የምትገዛው ባለ አንድ ሚሊሜትር ጥቁር ላሜራ ይሁን። የጣሪያ ቆርቆሮ አትጠቀም፤ ስስ ከመሆኑም በላይ ዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታውን በትኩሳትና በብርድ ያንቀጠቅጣል። በያጆች ይህን ጭስ በወተት እንከላከላለን ሲሉ ትሰማለህ፤ ወተት ለሆድ ነው፣ ለሳንባ አይደርስም። አሮጌ በርሜል የሚቆርጡም አሉ፤ ቤንዚን ወይም ቲነር የነበረበት በርሜል መምህሩ ስለ ሰልባትዮው ያሉት ሁሉ ይመለከተዋል።

የቀኙን ሳጥን ከመቁረጥህ በፊት መኪናውን በክሪክ ላይ ትተህ ሥሩ እንዳትገባ። ክብደቱ በራሱ እግሮች ላይ እንዳረፈ፣ ጎማዎቹ በሚያርፉበት ቦታ ጠንካራ ጉማጅ እንጨት ይግባለት፤ መካከሉን አንሥተህ ብትቆርጥ አካሉ እንደተጣመመ ይበየዳል። በሮቹ ተዘግተው ክፍተታቸው በላይና በታች እኩል መሆኑን አይተህ፣ በበሩ ክፍት ቦታ ላይ ከፊተኛው ምሰሶ ወደ ኋለኛው ካሬ ብረት በጊዜያዊነት አስበይድ። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሲባጎ ለካና ልኩን ጻፈው፤ ሥራው ሲያልቅ ያው ልክ መገኘት አለበት። ብየዳው በሚሠራበት ቀን ባትሪው ይፈታ፣ ወንበርና ምንጣፍ ይውጣ፣ የፍሬንና የነዳጅ ቧንቧዎች ካሉበት ይራቁ፣ ባልዲ ውሃና አሸዋ አጠገብ ይኑር። በያጁ ከሄደ በኋላም ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ከመኪናው አትለይ፤ ከምሰሶ ውስጥ የቀረች የጨርቅ ቁራጭ ቀስ ብላ ነው የምትያያዘው።

የተቃጠለውን ዘይት በተመለከተ፣ ወንድማችን ነምበር ዋን የሚናገሩት በዓይናቸው ያዩትን ስለሆነ አልክዳቸውም። ዘይት ውሃን ከብረት ያርቃል፤ የፒክአፕ ሻንሲም ወፍራምና ክፍት ስለሆነ ይጠቅመዋል። ነገር ግን የተቃጠለ ዘይት በሞተር ውስጥ የተፈጠረ አሲድ፣ ውሃና የብረት ብናኝ ይዟል። የጎማ ቡሺንጎችንና የፍሬን ጎማ ቧንቧዎችን ያሳብጣል። በቆዳ ላይ ሲደጋገም ለካንሰር ያጋልጣል። በአቧራ አገር ደግሞ አቧራውን ሁሉ ሰብስቦ ሊጥ ያደርገዋል፤ ቀደም ሲል ጠላታችን ነው ያልነውን ነገር በገዛ እጃችን እንደማስቀመጥ ነው። እንደ አንተ ገና ብየዳና ቀለም በሚቀረው መኪና ላይ ከተረጨ ግን ጉዳቱ ይብሳል፤ ብየዳው እሳት ያነሣበታል፣ ቀለሙም አይይዝም። ዘይት የማይቀርልህ ከሆነ ንጹሕ ዘይት ከግሪስ ጋር አላልተህ፣ ብየዳውና ቀለሙ ካለቀ በኋላ፣ በተዘጉት ሳጥኖች ውስጥ ብቻ አስረጭ።


መልስ፦ ነምበር ዋን፣ ድሬዳዋ

የፍሬን ጎማውን ነገር አላሰብኩትም ነበር፤ እቀበላለሁ። ለጭነት መኪና ግን ሐሳቤን አልለውጥም።


መልስ፦ ቀለም ቀቢዋ፣ ከዚራ (ድሬዳዋ)

ላሜራው በዚህ መንገድ ከተሠራ የቀለሙ ሥራ ቀላል ነው፤ ሆኖም ጥሩ ብየዳ በቀለም ሲበላሽ በተደጋጋሚ ስላየሁ ጥቂት ልጨምር።

ብየዳው ያለፈበት መስመር በግራይንደር ከተስተካከለ በኋላ ከሁሉ ነገር አስቀድሞ የሚዝገው እሱ ነው። ዚንክ የበዛበት ፕራይመር በመስመሩ ላይ ብቻ ይቀባ፤ ዚንክ ከብረት ይልቅ ቶሎ የሚበላ ስለሆነ ራሱን አሳልፎ ሰጥቶ ብረቱን ያቆየዋል። በቀረው እርቃን ብረት ላይ ባለ ሁለት ቅልቅል ኢፖክሲ ፕራይመር እመርጣለሁ። ተራው ግራጫ ፕራይመር ለላይኛው ቀለም መያዣ እንዲሆን የተሠራ በመሆኑ ውሃ ያሳልፋል፤ ብዙ ሰው መኪናውን በፕራይመር ቀብቶ ገንዘብ እስኪያገኝ ድረስ ክረምቱን ደጅ ያሳልፈዋል፤ በመስከረም ሲፍቀው ከግራጫው ሥር ቀይ ሆኖ ያገኘዋል። ሁለቱን በአንድ ወቅት መጨረስ ካልቻልክ ቀለሙን ለበጋው አቆየውና ኢፖክሲው ላይ አቁም። ስቱኮ ካስፈለገም ከኢፖክሲው በላይ ይሁን እንጂ በእርቃን ብረት ላይ አይሁን።

ከመቀባትህ በፊት በአኳራጅ የተጠራረገ ብረት በቲነር ወይም ቅባት በሚያስለቅቅ ፈሳሽ እንደገና ይጠረግ፤ አኳራጅ ራሱ ቅባት ይተዋል። ከዚያ ወዲህ በባዶ እጅ አትንካው፤ የእጅ ላብ ጨው አለው፤ የጣት ዐሻራ ቅርጽ ያለው ዝገት ከቀለም ሥር ወጥቶ አይቻለሁ። ሲረጭ ተራ የአፍ ጭምብል አይበቃም፤ በተለይ ማጠንከሪያ ያለበት ቀለም ከሆነ ሳንባን ይጎዳልና የኬሚካል ማጣሪያ ያለው ጭምብል ያስፈልጋል።

ሰዓቱንም ምረጥ። እኛ ድሬ ላይ በንጋት እንቀባለን፤ ረፋዱ ላይ ላሜራው እጅ ስለማያስቀምጥ ቲነሩ ቀለሙ ሳይዘረጋ ይተንና ገጹ ሻካራ ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ አቧራውን ያመጣል። እናንተ ሐረር ላይ ቀዝቀዝ ስለሚል ጊዜ አላችሁ፤ የሚያስቸግራችሁ የሌሊቱ ጤዛ ነው፤ ጤዛው ከብረቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትጀምር፤ ማታ ሳይመሽም ጨርስ።

ከቀለሙ በኋላ በበር ሥር ሳጥኖቹና በበሮቹ የታችኛው ጠርዝ ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ ክፈታቸው፤ ቀለምና ማሸጊያ ሲደፍናቸው ልብ የሚል የለም፤ ሳጥኑ ውስጥ የገባ ውሃ መውጫው እሱ ብቻ ነው። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ አንድ ጊዜ፣ ሲወጣም አንድ ጊዜ፣ የፓራፋንጎዎቹን ውስጥ በውሃ አስመትተህ ጭቃውን አስወጣ።

የታክሲውን ቀለም ትተህ ሌላ ቀለም ልትመርጥ ካሰብክ ደግሞ ቀለሙን ከመግዛትህ በፊት የትራንስፖርት ቢሮውን ጠይቅ፤ የመኪናው ቀለም በሊብሬው ላይ የተመዘገበ ስለሆነ ለውጡ እዚያም መግባት አለበት፤ ከታክሲነት ወደ ቤት መኪናነት የሚዛወር ከሆነም ሰሌዳው አብሮ የሚቀየር ይሆናል። የድሮውን ቀለም ለማግኘት ከፈለግህ ግን ፀሐይ ያላየው ትክክለኛው ቀለም በኮፈኑ የውስጥ ጠርዝና በበሩ ማጠፊያ ጀርባ ይገኛል፤ ከመፈግፈግህ በፊት የጥፍር ያህል ቁራጭ አንሥተህ ለቀለም ቀማሚው አሳየው።